ንግግር የዘገየበትን ልጅ ቤት ውስጥ በምን እናጫውተው? ከሐዋሳ ወላጆች ተደጋግመው የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ንግግር ከዘገየባቸው፣ ትምህርት ቤት ካልገቡ ወይም ኬጂ ከጀመሩ ልጆች ጋር በንግግር ሕክምና እሠራለሁ። ወላጆች ወደ ክፍሌ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት መደርደሪያውን ነው። እዚያ ያለው ደግሞ ቆርኪ የሞላበት አፈ ሰፊ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የጫማ ካርቶን፣ ሁለት የጨርቅ ኳስ፣ አፉ የተሸረፈ ጀበናና አንድ ሳህን ድንች ነው። "ስፒች ቴራፒ የሚሉት ይህ ነው?" የሚል ፊት አያለሁ። ከዚያ የሚከተሉት ጥያቄዎች ከቤተሰብ ቤተሰብ ብዙም ስለማይለያዩ መልሶቹን እዚህ ጽፌአቸዋለሁ።

ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ የሚናገራቸው ቃላት ግን አሥር አይሞሉም። አማቴ "አባቱም በአራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው" ይሉኛል። ልጠብቅ?

አትጠብቁ። ዘግይተው አፋቸውን ፈትተው እኩዮቻቸው ላይ የሚደርሱ ልጆች በእርግጥ አሉ። ዳሩ ግን የትኛው ልጅ በራሱ እንደሚደርስ፣ የትኛው እንደሚቀር በሁለት ዓመቱ አይቶ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። የአባትየው መዘግየትም ማጽናኛ አይሆንም፤ በቤተሰብ ውስጥ ንግግር የዘገየበት ሰው መኖሩ ልጁን ቶሎ ለማሳየት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

ለማመዛዘን ያህል፣ ልጆች ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት አካባቢ የመጀመሪያዋን ቃል ይላሉ። ሁለት ዓመት ላይ 50 ያህል ቃላት ይኖሯቸዋል፤ "ሌላ ሙዝ"፣ "እማዬ ነይ" እያሉም ሁለት ቃል ማጋጠም ይጀምራሉ። ሦስት ዓመት ላይ የሚሉትን አብዛኛውን ነገር ጎረቤትም ይረዳዋል። ከዚህ በብዙ የራቀ ልጅ መታየት አለበት።

መጀመሪያ የሚታየው ጆሮ ነው። ወላጆች "ይሰማል እኮ፤ ድስት ሲወድቅ ይደነግጣል" ይሉኛል። ድስት ሲወድቅ ከመንገድ ማዶ ያለ ሰውም ይደነግጣል። ወፍራም ድምፅ እየሰማ "ስ"ን እና "ፍ"ን የመሳሰሉ ስስ ድምፆች የሚያመልጡት ልጅ ብዙ ነው፤ በተለይ ጆሮው በተደጋጋሚ የሚመግል ከሆነ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ የመስማት ምርመራ አስደርጉለት። ይላቸው የነበሩ ቃላትን የተወ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ወይም የሚፈልገውን በጣቱ የማያመለክት ልጅ ካለ ደግሞ ነገሩን ለቀጣዩ ወር አታሳድሩት።

ምን መጫወቻ ልግዛ?

ምንም። ሲጫኑት የሚዘፍን መጫወቻ ሥራውን ራሱ ይሠራል፤ ልጁ አንድ ቃል ሳይል ጫን ጫን እያደረገ ይውላል። ለንግግር የሚጠቅመው ያለ ሌላ ሰው የማይሠራ ዕቃ ነው። ለዚህ ነው ከመደርደሪያዬ ሁሉ አፈ ሰፊው ጠርሙስ የሚበልጥብኝ።

አሠራሩ ይህ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ባለ ቀለም ቆርኪዎች ይገባሉ፤ ክዳኑ ልጁ በራሱ እንዳይከፍተው ጠበቅ ይደረጋል። አንድ ጊዜ አራግፋችሁ አሰሙትና ስጡት። ይታገላል፣ ይነክሰዋል፣ መሬት ላይ ይመታዋል። በመጨረሻ ወደ እናንተ ይገፋዋል። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ወላጅ የሚቸኩለው፤ ወዲያው ይከፍትለታል። አትክፈቱ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ፊቱን እያያችሁ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። "ክፈ" ሊል ይችላል፤ "ክ" ብቻ ሊልም ይችላል፤ እጃችሁን ወደ ክዳኑ ሊጎትትም ይችላል። ማንኛውም ሙከራ ዋጋ አለው። "ክፈች! እሺ፣ ልክፈተው፤ ተከፈተ!" ብላችሁ ክፈቱለት። ከዚያ ቆርኪዎቹ ወጥተው ይገባሉና እንደገና ትዘጉታላችሁ። ይህ አሥር ደቂቃ የሚወስድ፣ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ሕክምና ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቆርኪ፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ በእጃቸው አይሰጥም፤ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል፣ አፍንጫና ጆሮ ውስጥም ይገባል። ለእነሱ ድንች፣ ሎሚ፣ የጨርቅ ኳስ፣ የቡና ስኒ የሚያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ነገር ተጠቀሙ። ጠርሙሱንም ቢሆን ትልቅ ሰው አጠገባቸው ሳይኖር አትስጧቸው።

የትኞቹን ቃላት ላስተምረው? ቀለም፣ ቁጥርና የእንስሳት ስም ይችላል።

ይህን ጥያቄ ስለምወደው ትንሽ ልቆይበት። ቤት ውስጥ የምናስተምረው አብዛኛው ስም ነው፤ ቀይ፣ አንበሳ፣ ሦስት፣ አፍንጫ። ስም ብቻ የያዘ ልጅ መሰየም ይችላል። ለመጠየቅ፣ ለመከልከል፣ ለመለመንና ለማማረር ግን ግስ ያስፈልገዋል። አማርኛ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። "ስጪኝ" ሲል ማን እንደሚሰጥ፣ ለማን እንደሚሰጥ፣ ሰጪዋ ሴት መሆኗን ጭምር በአንዲት ቃል ጨርሶታል። "አልፈልግም" የምትለዋን ቃል ያገኘ ልጅ መሬት ላይ መንከባለሉን ሲቀንስ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ሌላ መንገድ አገኘ ማለት ነው።

ለጀማሪ በጣም የሚመቹት ከ"አለ" ጋር የሚሄዱት ናቸው። ቁጭ በል፣ ብድግ በል፣ ዝም በል፣ ዱብ አለ፣ ጠብ አለ፣ ቷ አለ። የመጀመሪያዋ ክፍል አትለዋወጥም፤ ለወንድም ለሴትም፣ ለዛሬም ለትናንትም "ቁጭ" ያው "ቁጭ" ናት። ልጁ እሷን ካለ "በል"ን ወይም "አለ"ን እናንተ ትሞሉለታላችሁ። ኳሱን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስቀምጡና "ኳሱ..." ብላችሁ ቁሙ። መጀመሪያ ቀን ራሳችሁ "ዱብ አለ!" ትላላችሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ልጁ "ዱብ!" ሲል እናንተ "አለ!" ትላላችሁ። ይህን ሃያ ጊዜ መደጋገም ለእናንተ ይሰለቻል። ለእሱ አይሰለችም።

አንዲት ልጅ አባቷን ሁልጊዜ "ነይ" እያለች ትጠራዋለች ብላችሁም አትደንግጡ። ቀኑን ሙሉ "ነይ" ስትባል የምትውለው እሷ ናት፤ ቃሉን የወሰደችው እንደሰማችው ነው። "ና አባዬ፣ ና" ብላችሁ አጠገቧ ሆናችሁ ጥሩት። "ነይ አይባልም" የሚል እርማት አያስፈልጋትም።

ጨዋታ ለመጫወት ጊዜ የለኝም። ቤት ውስጥ ሥራ ይበዛብኛል።

ሥራውን ራሱ ጨዋታ አድርጉት። ከሁሉ የበለጠው ቡና ነው፤ ምክንያቱን በአንድ ቤት ባየሁት ላስረዳ።

ታቦር ተራራ ሥር ባለ አንድ ግቢ አራት ዓመት የሞላት ልጅ አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ የምትሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ራቂ፣ እሳት ነው!" እናቷ እንድትርቅ ማድረጓ ትክክል ነው፤ ግን ልጅቷ ርቃ ሥራ ፈት ሆነች። ስለዚህ ከከሰሉ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ራቅ ተደርጎ በርጩማ ተቀመጠላትና ሥራ ተሰጣት፤ ስኒዎቹን ረከቦቱ ላይ መደርደር። እናትየው እያንዳንዱን ስኒ ስታቀብላት "እንኪ" ትላለች፤ ሌላ ምንም አትልም። ቡናው ሲታጠብ "ታጠበ"፣ ሲቆላ "ተቆላ"፣ ሲወቀጥ "ደቅ ደቅ"፣ ጀበናው ሲንተከተክ "ፈላ፣ ፈላ!" ትላለች። አብዛኛው ግስ ነው፤ ሁሉም በዓይን ይታያል፤ ሁሉም ይሸታል።

ከዚያ እናትየው ሆን ብላ አንድ ስኒ አጎደለች። ለሁሉም ሲታደል አባትየው ባዶ እጁን ቀረ፤ እሱም ድርሻውን ያውቃልና ዝም ብሎ ይጠብቃል። ልጅቷ አየችው፣ ረከቦቱን አየች፣ እናቷን አየች። "አባ የለ" አለች። እናትየው "አዎ፣ አባዬ ስኒ የለውም። ለአባዬ እንስጠው" አለች። ልጅቷ የተናገረችውን ሳትነቅፍ ወሰደችው፣ አስተካከለችው፣ ትንሽ ጨመረችበት። የእኛ ሙያ ዋናው ብልሃት ይኸው ነው፤ ልጁ አንድ ቃል ካለ በሁለት፣ ሁለት ካለ በሦስት መመለስ። "ደግመሽ በይው" ማለት አያስፈልግም።

ቡና ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠጥቶ አያልቅም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ያው ማቅረብ፣ ያው መቅዳት፣ ያው ማደል በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ልጅ አዲስ ቃል የሚይዘው በእንዲህ ያለ ድግግሞሽ ነው፤ እኔ ክፍሌ ውስጥ ይህን ለመፍጠር እቸገራለሁ። በሦስተኛው ዙር ልጅቷ "እንኪ"ን ሳትጠብቅ እጇን ዘርግታ "እንኪ!" ማለት ጀምራ ነበር፤ "ስጪኝ" ማለቷ ነው። ተገላብጦባታል፤ ግድ የለም።

ቡና የማይፈላበት ቤት ከሆነ ልብስ ማጠብ፣ ጎመን መቀንጠስ፣ ሽንኩርት መላጥ አለ። ልብስ ሲሰጣ "የማን ነው?" "የአባዬ" "ይህስ?" "የእኔ" የሚለው ብቻ የአንድ ሳምንት ሥራ ይሆናል።

"ይህ ምንድን ነው?" ብዬ ስጠይቀው ዝም ይለኛል። ግትር ነው?

ሰልችቶት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ይህ ምንድን ነው፣ ይህስ፣ ላም ምን ትላለች ስትባሉ ብትውሉ እናንተም ዝም ትላላችሁ። መልሱን የምታውቁትን ነገር መጠየቅ ፈተና ነው፤ ልጁም ይህን ያውቃል። እኔ ለወላጆች የምሰጠው ልክ ይህ ነው፤ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ያያችሁትን ተናገሩ። "ድመቷ ተኛች።" "ጅራቷ ረጅም ነው።" "ኧረ ነቃች!" አራተኛው ላይ ጠይቁ፤ እሱም ቢሆን ምርጫ ያለው ቢሆን ይሻላል። "ምን ትፈልጋለህ?" ከሚለው ይልቅ ሁለቱን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ "ሙዝ ነው ወይስ ብርቱካን?" ብትሉት መልሱ ከጥያቄው ውስጥ ስላለ ይቀለዋል።

ከጠየቃችሁ በኋላ ደግሞ ዝም በሉ። ለትልቅ ሰው ከባዱ ክፍል ይህ ነው። ወላጆች ከልጃቸው ጋር ሲጫወቱ በስልክ ቀርጬ ሳሳያቸው ብዙዎቹ የሚደነግጡት በራሳቸው ጥድፊያ ነው፤ ጠይቀው፣ መልሰው፣ አመስግነው ጨርሰዋል፤ ልጁ ገና አፉን ሊከፍት ነበር።

እኛ ልጆች ሳለን የምንጫወታቸው ጨዋታዎች ይጠቅማሉ?

እንዴት አይጠቅሙም! አኩኩሉን ውሰዱ። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ "አኩኩሉ!" ይላል፤ የሚደበቁት "አልነጋም!" ይመልሳሉ። ሲዘጋጁ "ነጋ!" ይላሉ። ተራ መጠበቅ አለ፤ አንዱ ሲጠራ ሌላው መመለስ አለ፤ "አል" እና "ም" ሲጨመሩ ነገሩ ሁሉ እንደሚገለበጥም ልጁ በሩጫው መካከል ይማራል። አፉን ያልፈታ ልጅ መጀመሪያ ከታላቁ ጋር ይደበቅና "ነጋ" የምትለው ቃል የእሱ ድርሻ ትሁን። እሱ ካላለ ጨዋታው አይጀመርም። ይህን ያህል ሥልጣን ያላት ቃል ልጅ በቶሎ ይይዛታል።

እንቆቅልሽ አራት ዓመት ካለፋቸውና ዓረፍተ ነገር መሥራት ከጀመሩት ጋር ይሠራል። የቆየውን ከባድ እንቆቅልሽ ተዉትና ቤት ውስጥ ካለው ዕቃ ፍጠሩ። "እንቆቅልሽ!" "ምን አውቅልህ!" "ውሃ ይጠጣል፣ ጆሮ አለው፣ አይሰማም።" ጀበናው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ እያየው ይፈልገዋል። ካላወቀ "አገር ስጠኝ" አለ፤ ልጁ ሐዋሳን ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ተቀበሉት። ቀጥሎ እሱ ይጠይቅ። የልጅ እንቆቅልሽ ብዙውን ጊዜ መልሱን በውስጡ ይዞ ይመጣል ("ድመት ናት፣ ምንድን ናት?")፤ እናንተ ግን ተቸገሩ፣ ራሳችሁን እከኩ።

ተረትም እንዲሁ ነው። "ተረት ተረት" ስትሉ "የላም በረት" የምትለው ምላሽ የልጁ ናት። ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ይሁን፤ አንድ ጅብ፣ አንድ አህያ፣ አንድ ጉድጓድ ይበቃል። ማታ ማታ ያንኑ ተረት ሳትቀይሩ ደጋግሙትና አምስተኛው ቀን ላይ ልጁ የሚያውቃት ቦታ ስትደርሱ ቁሙ፤ "ጅቡም ጉድጓድ ውስጥ..."

ከቤት ውጪስ ወዴት ብወስደው ይሻላል?

ሐይቁ ዳር። ሐዋሳ ላይ የሚኖር ወላጅ በዚህ በኩል ታድሏል። ጠዋት አሞራ ገደል ብትሄዱ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ይልጣሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ክንፋቸውን አጥፈው ቆመው ይጠብቃሉ። አንዱ ቁራሽ ሲወረወር ግርግሩን ማየት ነው። "ወረወረ፣ ያዘ፣ ነጠቀው፣ ዋጠ!" ልጁ ዝም ብሎ ቢያይም ግድ የለም፤ ቤት ስትመለሱ ነው ሥራው። ድንቹ ዓሣ ይሆናል፣ እናንተ አባ ኮዳ ትሆናላችሁ፣ እሱ ይወረውራል። ቃሉ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በዚህ በሁለተኛው ጨዋታ ላይ ነው። እዚያው ዛፎቹ ላይ ጉሬዛና ጦጣ ስላለ "ላይ" እና "ታች"፣ "ወጣ" እና "ወረደ" በነፃ ይገኛሉ። ኦቾሎኒ ካልያዛችሁ ይሻላል፤ ጦጣዎቹ ፈቃድ አይጠይቁም።

በባጃጅ ስትሄዱም ስልክ አትስጡት። "ቆመ፣ ሄደ፣ ታጠፈ፣ ዘለለ!" በሉ። ሾፌሩ ዞር ብሎ ያያችኋል፤ ይለምደዋል።

ቤት ውስጥ አማርኛ እንናገራለን፤ አያቱ ግን በሲዳምኛ ነው የሚያናግሩት። ሁለት ቋንቋ አደናግሮት ይሆን? አንዱን እንተው?

አትተዉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግርን አያዘገይም። በሁለት ቋንቋ የሚያድግ ልጅ ቃላቱን ለሁለት ከፍሎ ስለሚይዝ በአንዱ ብቻ ሲቆጠርበት ያነሰ ይመስላል። ሁለቱን ደምሩ፤ ውሃን "ውሃ"ም "ዋ"ም የሚል፣ ወተትን "ወተት"ም "አዶ"ም የሚል ልጅ አራት ቃል አለው። አያት በደንብ በማይችሉት አማርኛ እንዲያናግሩት ማስገደድ ደግሞ ከልጁ ሁለት ነገር ይወስዳል፤ የሞላ ቋንቋና የሞላ አያት። ሲዳምኛውን፣ ወላይትኛውን፣ ኦሮምኛውን የሚችለው ሰው ይናገርለት። እኔም ምን ያህል ቋንቋ እንደሚሰማ የምጠይቀው ቃላቱን በትክክል ለመቁጠር ብዬ ነው።

ምላሱ ታስሯል፣ ይቆረጥለት ይሉኛል። እንጥሉን ማስቆረጥም ይረዳል ይባላል።

እንጥል ማስቆረጥ ንግግር አያመጣም፤ ደም መፍሰስና መመረዝ ግን ሊያመጣ ይችላል። አታስደርጉ። ምላስ ሥር ያለችው ክር አጥራ የምትይዝባቸው ጥቂት ልጆች አሉ፤ እሱን አይቶ የሚወስን ሐኪም ነው። እሷ ብትኖርም እንኳ ልጁ ቃላት እንዳይኖሩት አታደርግም፤ የአንዳንድ ድምፆችን አወጣጥ ልትነካ ትችል ይሆናል እንጂ።

ፊኛ መንፋት፣ ሻማ ማጥፋት፣ ምላስ ማውጣትና ማስገባት ምላሱን ያጠነክርለታል?

እኔ ጊዜ አላጠፋበትም። መንፋት መንፋትን ያሠለጥናል፤ መናገር የሚለመደው በመናገር ነው። የሳሙና አረፋ ግን በመደርደሪያዬ ላይ አለ፤ የምጠቀምበት ለሌላ ነገር ነው። በኦሞ ውሃና በቀጭን ሽቦ ቀለበት አረፋ እሠራለሁ። "ንፊ!" "ሌላ!" "ወደ ላይ!" "ቷ አለ!" የሚሉ ቃላት ያለ ልመና ይመጣሉ። ሳሙናውን እንዳይጠጣ የምነፋው እኔ ነኝ፤ የሚያዘኝ ደግሞ እሱ ነው።

"ረ"ን "ለ" ይላል። አምስት ዓመት ሊሞላው ነው።

"ረ"ን "ለ" ወይም "የ" ማድረግ፣ "ጠ"ን "ተ"፣ "ቀ"ን "ከ" ማድረግ በትንንሾች ላይ የተለመደ ነው፤ ብዙውም በጊዜው ይስተካከላል። አንዱ ልጅ መብራት ተቋርጦ ሲመለስ "አምፖሉ በላ!" እያለ ቤቱን ያስቅ ነበር። ሳቁ ይብቃና ጨዋታ ይሁን። ሁለት ሥዕል ሳሉ፤ አንዱ የበራ አምፖል፣ ሌላው እንጀራ የበላ ሰው። እናንተ "በራ" ወይም "በላ" ስትሉ ልጁ ትክክለኛውን ያንሳ። ልዩነቱን በጆሮው ከለየ በኋላ ተራውን ለእሱ ስጡት፤ "በላ" ካለ እንጀራውን አንሱ። ፊቱን እያያችሁ ጠብቁ። ራሱን ለማረም ምክንያት የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው፤ "በል፣ ረ በል፣ ረረረ" ስላልነው አይደለም። አምስት ዓመት ሞልቶት የሚናገረውን ጎረቤት የማይረዳው ከሆነ ወይም እኩዮቹ እያሾፉበት ዝም ማለት ከጀመረ ግን ባለሙያ ይየው።

ስልክ ላይ ብዙ ይማራል፤ ኤቢሲዲን ጨርሷል።

ጨርሷል፤ "ውሃ ስጪኝ" ግን አይልም። እንዲህ ያሉ ልጆች በየሳምንቱ ይመጡብኛል፤ በእንግሊዝኛ እስከ ሃያ ይቆጥራሉ፣ ሲርባቸው ደግሞ ያለቅሳሉ። ስልኩ ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ ልጁ ዝም ቢልም ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉት ስክሪንን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉትም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥር እንደሚሻል ይገልጻል። በአንድ ጊዜ መንጠቅ ጩኸት ያመጣል። እኔ የምመክረው ከምግብ ሰዓት መጀመር ነው።

ቃል ሲጀምር ይደጋግማል፣ "እ-እ-እማዬ" ይላል። መንተባተብ ነው?

ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ብዙ ልጆች እንዲህ ያልፋሉ። "ቀስ በል"፣ "ተንፍስና ተናገር" አትበሉት፤ ቃሉንም አትጨርሱለት። እናንተው ዝግ ብላችሁ ተናገሩ። ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ወይም ፊቱ እየተጨማደደ የሚታገል ከሆነ አሳዩት።

ቀን ቀን ሠራተኛዋ ናት የምትጠብቀው። ይህን ሁሉ እንዴት ታደርጋለች?

ታደርጋለች፤ ብዙ ጊዜ ከእኛ የተሻለች ናት፤ አብራው ወለል ላይ የምትቀመጠው እሷ ስለሆነች። ሁሉንም አትንገሯት። አንድ ነገር ብቻ ንገሯት፤ "ሲያመለክትሽ ወዲያው አትስጪው፣ እስከ አሥር ቁጠሪ።" ሳምንቱ ሲያልቅ ሌላ አንድ ጨምሩ። ልጁ ያለውን አዲስ ቃልም እሷን ጠይቋት፤ እናንተ ያልሰማችሁትን ትነግራችኋለች።

በቀን ስንት ሰዓት ነው? ለውጡስ መቼ ይታያል?

ሰዓት አይደለም። አምስት አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፤ አንዱ ገላ ሲታጠብ፣ አንዱ ሲበላ፣ አንዱ ከመተኛቱ በፊት። ለውጡን በቃላት ብዛት ብቻ አትለኩት፤ መጀመሪያ የሚመጣው ማየቱ፣ ማመልከቱና ተራ መጠበቁ ነው። እነዚህ መጥተው ቃል ለሁለት ወር ሊዘገይ ይችላል። ሦስት ወር ሠርታችሁ ምንም ካልተንቀሳቀሰ የምንሠራው ነገር ይቀየራል።

ባለሙያ የት አገኛለሁ? ስመጣስ ምን ልያዝ?

በአገራችን የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሙያው በዲግሪ ያስተምራል፤ ብዙዎቹም የሚሠሩት እዚያው አዲስ አበባ ነው። ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች በ2002 እ.ኤ.አ. ዘሚ የኑስ ያቋቋሙት የጆይ ማዕከልም የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። ሐዋሳ ላይ ከሕፃናት ሐኪምና ከመስማት ምርመራ ጀምሩ፤ እነሱ ወደሚቀጥለው ይመሯችኋል።

ስትመጡ የክትባት ካርዱን፣ የሚላቸውን ቃላት ዝርዝር (በትክክል የማይጠራቸውንም ጭምር፣ እሱ እንደሚላቸው ጽፋችሁ) እና ቤት ውስጥ ሲጫወት የተቀረጸ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ያዙ። ክፍሌ ውስጥ ስለሚያፍር ቪዲዮው ከእኔ ምርመራ ይበልጣል። የሚወደውንም አንድ ዕቃ ያዙለት፤ ምንም ይሁን ምን። አንድ አባት የልጁ የሚወደው ዕቃ የግፊት ድስት ክዳን መሆኑን ሲነግረኝ አፍሮ ነበር። በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣው። ልጁ ወለሉ ላይ አሾረው፤ እኔ "ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ..." አልኩና ክዳኑ ሊወድቅ ሲል ዝም አልኩ። ልጁ እኔን አየ፣ ክዳኑን አየ። "ዘጭ" አለ።